አንድም እግር እንዳይወጣ

በነቀምቴ የአሳማ አርቢ ልጅ ሆኖ ማደግ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። አባቴ ሞሲሳ፣ ቡርቃ ጃቶ የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ረግረጉ ከሚጀምርበት ቦታ፣ በአጣናና በአሮጌ ቆርቆሮ የሠራው የአሳማ ቤት ነበረው። ሠላሳ አራት አሳማዎች ነበሩን። ሥጋቸውን እኛም አንቀምሰውም። የሚወስዱልን የአርጆን መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች ነበሩ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በደጃችን ሲያልፉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። የእኛው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ ፊት ለፊት ምንም ባይሉም፣ እናቴ የምትሸጠውን እንቁላል መግዛት አቁመው ነበር። ትምህርት ቤት ኬኔ መባሌ ቀርቶ "የቦዬ ልጅ" ሆንኩ። ቦዬ በኦሮምኛ አሳማ ነው።

ያልተጠየፈን አንድ ሰው ኦቦ ባቻ ነበር። አርጆ ነው የሚኖረው። ከአባባ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ፣ በአንድ ቀን የተዳሩ ጓደኛሞች ናቸው። እንደ አጎቴ ስለማየው አንተ ነበር የምለው። አባባ አሳማ ማርባት በጀመረ በዓመቱ ኦቦ ባቻም አራት ግልገል ከእኛ ወስዶ ጀመረ፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ከሃያ በላይ ደርሰውለት ነበር። ሁለት በሬዎቹን ሸጦ በረት ሠርቶላቸዋል። ልጁ ሊሊሴ እኩያዬ ናት። በዓል ሲሆን ወይ እነሱ ይመጣሉ ወይ እኛ እንሄዳለን። ሊሊሴ አሳማ ሲሸታት አፍንጫዋን አትይዝም። በዚያ ዕድሜዬ ጓደኛ ማለት ለእኔ ይኸው ነበር።

አሳማዎቻችን የሚበሉት የቻይናዎቹን ካምፕ የምግብ ትራፊ ነው። አባባ በየጠዋቱ በጋሪ ሁለት በርሜል ያመጣል። ሩዝ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ አጥንት፣ ስሙን የማላውቀው በጨው የደረቀ ሥጋ ቁርጥራጭ፣ ሁሉም አንድ ላይ የተደፋፋ ነው። እናቴ ዘርፈሽ፣ እኔ አዮ የምላት፣ ያንን በሙሉ በግማሽ በርሜል ሦስት ጉልቻ ላይ ጥዳ እስኪንፈቀፈቅ ትቀቅለዋለች። ጭሱ ዓይኗን ጎድቶት ነበር። ሽታው ልብሳችን ላይ፣ ደብተሬ ላይ፣ ፀጉሬ ላይ ይቀራል። "የቦዬ ልጅ" የሚያሰኘኝ እሱ ሽታ ነው ብዬ ስለማምን፣ ለአሳማ ምግብ መቀቀል ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ቀን ጠየቅኳት። ከግብርና የመጡ ሰዎች ሳይፈላ እንዳትሰጡ ብለውናል አለችኝ። ለምን ስላት፣ ሥጋው ውስጥ የማይታይ ነገር አለ አለች። የማይታይ ነገር ሁሉ ያኔ ለእኔ ሰይጣን ስለነበር፣ አዮ ሰይጣን እየቀቀለች ነው ብዬ ለሊሊሴ ነገርኳት።

መጋቢት እንደገባ ቢላ ከተማ ያለችው አክስቴ ወለደችና አዮ ልታርሳት ሄደች። ሁለት ሳምንት ብላ ነበር፤ ሕፃኑ ታሞ ወር ተኩል ቆየች። እንጨት የሚፈልጥ፣ እሳት የሚያነድ ጠፋ። መጀመሪያ ሁለት ቀን አባባ ራሱ ቀቀለ። በሦስተኛው ቀን በርሜሉን ከጋሪው ላይ አውርዶ ጉልቻውን አየውና፣ "ዛሬ እንዲሁ ይብሉ፣ ምን ይሆናሉ" አለ።

ምንም አልሆኑም። በደስታ ነበር የበሉት። ከዚያ በኋላ አልቀቀልንም። ያ ወር ለእኔ የነጻነት ወር ነበር። ጭስ የለም፣ ደብተሬ አይሸትም። አዮ ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ስትደክም እንደኖረች ገብቶኝ አዘንኩላት። ስትመጣ እስክነግራት ቸኩዬ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ትልቋ እናት አሳማ አልነሳም አለች። ሌሎቹ እንደበረዳቸው ሁሉ ተደራርበው ይተኛሉ። ጆሯቸው ቀላ፣ ቀጥሎ እንደ ቀይ ሥር ጠቆረ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያምር ነበር። እንዲያውም ቀለሙን ለማየት ቶሎ ቶሎ እሄድ ነበር። አንድ ማለዳ አባባን ከአሳማው ቤት ጀርባ ሲቆፍር አገኘሁት። ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው ሽንት ቤት ነው አለኝ። የድሮው ሽንት ቤታችን መዝጊያ ስላልነበረው በጣም ደስ አለኝ። ትልቋ አሳማ የት ሄደች ስለው ካምፑ ወሰዳት አለ። በማግስቱ ሁለቱን ደግሞ ካምፑ ወሰዳቸው። እነሱን ሲወስዱ ለምን መኪና እንዳልሰማሁ አልጠየቅኩም። በዚያ ጉድጓድ ላይ እስከ ዛሬ ሽንት ቤት አልተሠራም።

በሕማማት ሰኞ ዶክተር ሠርፀ መጣ። የእንስሳት ሐኪም ነው። የጎጃም ሰው ልጅ ሆኖ፣ ያውም በሕማማት፣ አሳማ ሳይጠየፍ በእጁ ሲይዝ ሳየው ወደድኩት። ሲገባ ጫማው ላይ ፕላስቲክ አሰረ። ከአሳማዎቹ ጆሮ ደም ቀዳ፤ ሲወጣ እጁን እስከ ክርኑ በበረኪና ታጠበ። ከዚያ አጥሩ ጥግ ቆመው ከአባባ ጋር ረጅም ሰዓት አወሩ። ብዙው አልገባኝም። ትኩሳት የሚል ቃል ሰማሁ፣ አዲስ አበባ የሚል ሰማሁ። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረውን ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ሞሲሳ፣ የደሙን ውጤት እስኪልኩልን አልጠብቅም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መድኃኒት የለውም፣ ክትባትም የለውም። ሰው አይነካም፣ አሳማ ግን አይምርም። ከዚህ ግቢ አንድም እግር እንዳይወጣ።"

አንድም እግር ሲል ወደ እኔ የተመለከተ መሰለኝ። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ውሃ ሳልቀዳ፣ ሱቅ ሳልላክ፣ እግሬን አጥፌ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ነገሩ ሲገባው ሳቀ። በዚያ ሳምንት የሳቀው ያኔ ብቻ ነው። "ያንቺን እግር አይደለም፣ የእነሱን ነው" አለኝ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠና ሐኪሙ መምጣቱን ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝ። ሰው ከሰማ ይስቅብናል አለ። የሰው ሳቅ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ይህ ለእኔ በቂ ምክንያት ነበር።

የፋሲካ ዋዜማ ኦቦ ባቻና ሊሊሴ መጡ። አንድ ጣሳ ማርና ሁለት ዶሮ ይዘዋል። ኦቦ ባቻ ገና ወንበር ሳይዝ አሳማዎቹን ልያቸው አለ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ከሰላምታ በፊት "ቦዬዎቹ አከም ጂሩ?" ይላል፣ እንዴት ናቸው ለማለት። አባባ ደህና ናቸው አለው። የአርጆን ቀይ ጭቃ በያዘው ቦቲው ገባ። አባባ ያሳየው የፊተኛውን ክፍል ብቻ ነው። የኋለኛውን፣ እነዚያ ተደራርበው የተኙበትን፣ ነፋስ እንዳይገባ ብሎ በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኖት ነበር።

"ግባ፣ ግባ፣ ምን ቆመሃል" ሲለው እሰማለሁ። ኦቦ ባቻ ባይገባ ኖሮ በኋላ የሆነው አይሆንም ነበር። አባባ ያኔውኑ አስቦበት ይሁን ወይም ሐሳቡ በኋላ የመጣለት፣ ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄውም አላውቅም።

በዓሉን አብረን ዋልን። ሰኞ ጠዋት አባባ ከፊተኛው ክፍል ሦስት ያረገዙ ወጣት አሳማዎች መረጠና ለኦቦ ባቻ ሰጠው። ከሦስቱ አንዷ ዲምቱ ነበረች። ዲምቱ የእኔ ናት። እናቷ ተኝታባት ልትሞት ስትል አውጥቼ በጡጦ ያሳደግኳት፣ ስጠራት የምትመጣ ቀይ አሳማ ነበረች። አለቀስኩ። ሊሊሴ ደግሞ እኔ ሳለቅስ ስታይ እሷም አለቀሰች። ከዚያ ለሊሊሴ ከሆነ ግድ የለም ብዬ ራሴ አስረከብኳት። ሆዷን ሲያሹላት እንደምትተኛ፣ የሙዝ ልጣጭ እንደምትወድ፣ ውሻ እንደምትፈራ ነገርኳት። ስሰናበታት ጆሮዋን ይዤ ሳምኳት። ጆሮዋ ይሞቅ ነበር። መለያየቱ ከፍቷት ነው ብዬ አሰብኩ።

አይሱዙ መኪና ላይ ሲጭኗቸው የዶክተሩ ቃል ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን መልሱን ራሴ አገኘሁት። በመኪና ስለሚሄዱ እግራቸው መሬት አይነካም። አባባ ይህን ማሰቡ አስደነቀኝ። ዲምቱን ከዚያ በሽታ አሽሽቶ ማዳኑ፣ ያውም ለጓደኛው በነጻ መስጠቱ፣ በዓለም ላይ እንደ እሱ ያለ ሰው እንደሌለ አረጋገጠልኝ።

በሳምንቱ ከአርጆ ጥጃ ያላት የምትታለብ ላም መጣችልን። ኦቦ ባቻ ለስጦታችን ስጦታ መለሰ አልኩ። ያንን ክረምት በሙሉ ወተቷን ጠጣን። ላሟ ስጦታ አልነበረችም። ሁለቱ በፋሲካ ማታ የተዋዋሉባት የሦስቱ አሳማዎች ምትክ ነበረች። ኦቦ ባቻ ለልጆቹ ወተት ትሆናለች ብሎ ያሳደጋት አንድ ላሙ ነበረች።

የቀሩት አሳማዎቻችን በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቁ። ደም ያስቀምጣቸዋል፣ ያረገዙት ያስወርዳቸዋል። አንዳንዱ ማታ በልቶ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። በመጀመሪያ አለቀስኩ፤ በኋላ ለቅሶውም ጠፋኝ። አዮ ከቢላ የተመለሰችው ሰባት ሲቀሩ ነው። ግቢው ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው አሳማዎቹን አይደለም፣ ጉልቻውን ነው። ጎንበስ ብላ አመዱን በጣቷ ነካችው። ዝናብ መትቶት እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። ቀቅለሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። አባባ በየቀኑ አላት። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ቸኩዬ የጠበቅኩት ዜና ነበር። አባባ አየኝ፤ ዝም አልኩ። ለስንፍናው እንዳትቆጣው የፈራ መስሎኝ ስለነበር ዝም በማለቴ የወንድነት ሥራ የሠራሁ ያህል ኮራሁ።

ዶክተር ሠርፀ ኖራ አስጭኖ ተመልሶ መጣ። የሞቱትን በጥልቅ አስቀበራቸው፤ አጥሩን፣ ገንዳውን፣ የጋሪውን ጎማ ሳይቀር በመድኃኒት አስረጨው። ስንት ነበሩ ብሎ ቆጠረ፤ በሕማማት ሰኞ ካያቸው ሦስት ጎደሉበት። አባባ እነዚያን ራሴ አቃጥያቸዋለሁ አለው። የተሳሳተ መስሎኝ ላርመው ነበር። አርጆ ናቸው ልለው። ግን ሰው ፊት አባትን ማረም ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት።

በግንቦት መጨረሻ አባባ ቁጭ አድርጎ አነጋገረኝ። ነገ ኦቦ ባቻ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል አለ። ምናልባት ስለ ሐኪሙ ይጠይቁሽ ይሆናል አለ። ሐኪሙ ከፋሲካ በፊት መምጣቱን ከሰሙ መንግሥት አርጆ ያሉትን ሁሉ ይገድላል፣ ዲምቱንም ይገድላታል። ከፋሲካ በኋላ ነው የመጣው ካልሽ ግን ማንም አይነካትም። ይህን ሲለኝ እጄን ይዞ ነበር። እሱም ለዲምቱ የሳሳላት መሰለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሽማግሌው ኦቦ ዋጋሪ ነበሩ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ስንት የተጣላ ያስታረቁ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው። ኦቦ ባቻ ከስቶ ነበር። "ቦዬዎቹ አከም ጂሩ?" አላለም። ሊሊሴን ይዞ አልመጣም። በሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አደረገ። አሳማዎቹ ሁሉ እንዳለቁ፣ አንዲት እንኳ እንዳልተረፈች ተናገረ። ሁሉ ማለት ዲምቱንም እንደሚጨምር አልገባኝም። ዲምቱ ለእኔ ከአሳማዎቹ መሀል አትቆጠርም ነበር።

"ሞሲሳ፣ ልከስህ አልመጣሁም" አለ። "የሚስቴ ወንድሞች ክሰስ ብለውኛል፤ እኔ ግን ከአንተ አፍ ልስማ ብዬ ነው። እነዚያን ሦስቱን ስትሰጠኝ ታመው ነበር?"

አባባ መሬት መሬት እያየ ያዘነ ሰው ድምፅ አወጣ።

"ባቻ፣ አንተ ከመምጣትህ በፊት እዚህ ግቢ አንድም አሳማ አልታመመም። አንተ በቦቲህ ገብተህ ከወጣህ በኋላ ነው ቤቴ የጠፋው። ይህ በሽታ በጫማ እንደሚሄድ ሐኪሙ ነግሮኛል። ስምህን ግን አንድ ቀን አንስቼ አላማሁህም።"

ኦቦ ባቻ ቆቡን አዞረው፣ መልሶ አዞረው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ "በመጋቢት አንዲት ሞታብኛለች" አለ። "እባብ የነደፋት መስሎኝ ነበር። እንዲሁ ነው የቀበርኳት።"

ዛሬ ሳስበው አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነው። አባቴ ያንን አያውቅም ነበር። ሰውየው ራሱ አውጥቶ ሰጠው። የሰጠውም መደበቅ የማይችል ሰው ስለነበር ነው።

ኦቦ ዋጋሪ ልጅቷን ጥሩልኝ አሉ። ከጓዳ ወጣሁ። አዮ ዳቦ ቆርሳ ልታቀርብ ስትል "ልጅቷን ተዋት፣ ሞሲሳ" አለች። ኦቦ ዋጋሪ ወደ ጉልበታቸው አስጠጉኝና ራሴን ዳበሱኝ።

"ኬኔ፣ ልጄ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የመጣው መቼ ነው? ከፋሲካ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

ዲምቱን አሰብኳት። "በኋላ ነው" አልኩ። "እነ ሊሊሴ ከሄዱ በኋላ።"

"ልጅ አይዋሽም" አሉ ኦቦ ዋጋሪ።

ሐኪሙን ራሱን መጠየቅ ይቻል ነበር። ዶክተር ሠርፀ ያን ሰሞን አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ነበር፤ እስኪመለስ እንጠብቅ ያለ ግን የለም። ኦቦ ባቻ ተነሳ። ያ ሁሉ ቁመቱ ታጥፎ አባባ እግር ላይ ወደቀ። "ዲፈማ፣ ሞሲሳ። ሳላውቅ ነው። ቤትህን አፈረስኩት፣ ሳላውቅ ነው" ይላል። ዲፈማ ይቅርታ ማለት ነው። አባባ አነሳው፣ ተቃቀፉ፣ ሁለቱም አለቀሱ። ኦቦ ዋጋሪ ጸለዩ። እኔ በጣም ደስ አለኝ፤ ዲምቱም ተረፈች፣ እነሱም ታረቁ። ዘወር ስል አዮ የለችም። ዳቦው ጓዳው ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጧል።

በሳምንቱ ኦቦ ባቻ የካሳ በግ ይዞ ከአርጆ መጣ። አባባ ተቀበለው። ላሟንም መልሳት አላለውም፤ እሱም ላሜን አላለም። በጉ ሲታረድ አዮ አልቀመሰችም። ጾም ጸሎት የያዘች መሰለኝ። እኔንም ብዙ ቀን አላነጋገረችኝም፤ ፀጉሬን ስትሠራኝ እንኳ ዝም ብላ ነው። ምን እንዳጠፋሁ አሰብኩ አሰብኩና ኦቦ ዋጋሪን ስሰናበት ጉልበታቸውን ሳልስም መቅረቴ ትዝ አለኝ። ለእሱ ይቅርታ ጠየቅኳት። አለቀሰች።

ዲምቱን መቼ እንደምናይ አባባን ስጠይቀው ወልዳለች አለኝ፣ ስምንት። ለስምንቱም ስም አወጣሁላቸው። ለክፍሌ ልጆች ሁሉ አወራሁ። በሚቀጥለው መስከረም ሊሊሴ ትምህርት ቤት እንዳልገባች ሰማሁ። ኦቦ ባቻ ለቀን ሥራ ወደ ሰፋፊ እርሻዎች እንደሄደ፣ እናቷም ገበያ ጉሊት እንደጀመረች ሰማሁ። ስምንት ግልገል ያላት ልጅ ለምን ትምህርት እንደምታቆም አልገባኝም። ሀብታም ሆናለች፣ ረሳችኝ ብዬ ተቀየምኳት።

እውነቱን የነገረችኝ አዮ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ሆኜ። በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምን ነበር። ስለ ኦቦ ባቻ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ተናገርኩ፤ አባባ ይቅር ባይለው ኖሮ ምን ይውጠው ነበር የሚል ነገር። እጇ ቆመ። ከዚያ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረችኝ። ሳይፈላ የተሰጠውን፣ ጉድጓዱን፣ የሰኞውን ሐኪም፣ የላሟን ውል። ሐኪሙ፣ በሽታው የመጣው ካምፑ ከሚጥለው ሥጋ ነው እንዳላት ነገረችኝ። አርጆ የደረሰው ከእኛ ነው፤ በዲምቱ ነው። ከኦቦ ባቻ ደግሞ ከእሱ ግልገል የገዙ ሦስት ቤቶች እንደዚሁ አልቆባቸዋል።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት። መጮኼን ጎረቤት ሰምቷል።

"ምን ብዬ ልናገር? ልጄ በሐሰት መስክራለች ብዬ?" አለች። "በሽማግሌ ፊት፣ በእግዚአብሔር ስም ተጠርተሽ። ማን ያምንሻል ከዚያ በኋላ? ማንስ ያገባሻል? ስላንቺ ብዬ ነው።"

እና ሰባት ዓመት ሙሉ አዮ ያልተናገረችው እኔን ለማዳን ነው። አባባም እኔን የተጠቀመብኝ ይህንን ስለሚያውቅ ይመስለኛል። ያን ቀን ነገ ተነስቼ አርጆ እሄዳለሁ አልኩ። አልሄድኩም። ፈተና ነበር፣ ከዚያ ኮሌጅ ነበር፣ ከዚያ መንገዱ ሰላም አይደለም ተባለ። አዮ ከሁለት ዓመት በፊት ዐረፈች።

አሁን የምሠራው ቡርቃ ጃቶ ክፍለ ከተማ ነው፤ መታወቂያ ከሚሰጥበት መስኮት ኋላ። ባለፈው ጥር አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ፎርሟን በመስኮቱ አስገባችልኝ። ስም፣ ሊሊሴ ባቻ። የትውልድ ቦታ፣ አርጆ። ቀና ስል እሷም እያየችኝ ነበር።

"ኬኔ? ኬኔ ሞሲሳ?"

ከመስኮቱ ኋላ ወጥቼ ተቃቀፍን። እጇ ሻካራ ነው፤ ከእኔ አሥር ዓመት የምትበልጥ ትመስላለች። ባሏ ግንበኛ ነው፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ነቀምቴ መጥተዋል። ስለ አባቷ ጠየቅኳት፤ በኅዳር ሞተ አለችኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት። ወረፋ የያዙት ሰዎች ያዩናል። ወደ ጥግ ሳብ አደረገችኝ።

"አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድ ነገር ከልቡ አልወጣለትም" አለች። "የሞሲሳን ቤት ያጠፋሁት እኔ ነኝ ይል ነበር። የሰው በረት አጠገብ ማለፍ ይፈራ ነበር፤ ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር። አሳማችንን የገዙት ሦስቱ ቤቶች ሲያልቅባቸው ያለንን መሬት ሸጦ ካሳቸው። ነቀምቴ ከሄድሽ ሞሲሳን ፈልጊልኝ፣ ስለ እኔ አንዴ ዲፈማ በይልኝ ብሎኛል።"

ፈገግ አለች።

"ዲምቱ በመጣች በሳምንቱ ሞተች። እንዳታዝኚ ብዬ ነው ወሬውን ያልላክሁልሽ። እንግዲህ ይቅር በይን።"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ሕፃኑ ከጀርባዋ ሆኖ ያየኛል። ብነግራት አባቷን አስነስታ ልትነግረው አትችልም። ብነግራት መሬቱም በሬዎቹም፣ ያቋረጠችው ትምህርትም አይመለስላትም። ይህን ሁሉ በልቤ ደረደርኩ። ግን እውነተኛው ምክንያት እሱ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ የምሠራው በታማኝነቴ ነው።

"ይቅር ብለናል" አልኳት።

ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ገለቶሚ፣ ገለቶሚ እያለች አመሰገነችኝ። መታወቂያዋን ወረፋ ሳትጠብቅ ሠራሁላት።

ከሥራ ወጥቼ ቤት ስደርስ አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ስኳር ዓይኑን አድክሞታል፤ በኮቴዬ ነው የሚለየኝ። ኦቦ ባቻ በኅዳር መሞቱን ነገርኩት። ሊሊሴ መምጣቷን፣ አባቷ ምን ብሎ እንደላካት፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ይሄድ እንደነበር፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኩት። አንዳች ነገር እንዲል ጠበቅኩ። ምን እንዲል እንደፈለግኩ እኔም አላውቅም።

"ደግ ሰው ነበር" አለ። ቀጥሎም፣ "አንቺ ምን አልሻት?"

"ይቅር ብለናል አልኳት።"

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

"ደግ አደረግሽ" አለኝ።

እጁን ይዤ ወደ ቤት አስገባሁት። እራት አቀረብኩ፤ አብረን በላን።